ራስጌው ከፍ ያለ ቤት

ጁባ፣ ጉምቦ
ነሐሴ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ በዚህ ክረምት እንዴት አደረገዎት? የፍቼ ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሰብኩዎት። ጾሙንስ እንዴት ያዙት? ልጄ ትሕትና ደህና ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቅዳሴ አላስታጉልም። ጁባም ከአምናው ትሻላለች። ድልድዩ ክፍት ነው፣ ሰውም ቀን ቀን እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል።

ይህን ወረቀት የምታደርስልዎት በዛብሽ ትባላለች፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቅ ያላት የአገራችን ልጅ ናት፣ ነገ ወደ አገር ቤት ትበራለች። በስልክ መመለስ ነበረብኝ። ግን ድምፄ በስልክ እንዴት እንደሚሰማ እኔም አውቀዋለሁ። እርስዎም ባለፈው «ከመሥሪያ ቤት የደወለ ሰው ትመስላለህ» ብለውኛል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ጽሕፈት ስለሆነ ይታገሱኝ።

በሐምሌ የላኩልኝ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። «የትምህርት ቤት ምዝገባ ሊጀመር ነው፤ ትሕትና ለሁልጊዜው እኔ ጋ ትቅር ወይስ አይደለም፣ ቁርጡን ንገረኝ» ብለው፣ ቀጥለው ደግሞ «ለእናቷ አንዲት እንባ ያላወጣ አባት ለልጅ ምን ይሆናታል» አሉ። እዚያ ላይ ስልኩን ዘጋሁት። ተቀይሜዎት አይደለም። እውነት መስሎኝ ነው። የቀብሩን ዕለት እኔም አልረሳሁትም። እርስዎ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ሲወድቁ ሲነሱ አይቻለሁ። እኔን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውኝ ነበር። ለምን እንደያዙኝ አልገባኝም ነበር። ልወድቅ አልነበረም። አፈሩ ሲመለስ የማስበው ለቀባሪዎቹ አካፋ እንዳልበቃቸው ነበር።

ስለዚህ መልሴ «ትቅር» የሚል ነበር። በዛብሽ በሐምሌ በርራ ቢሆን ይዛልዎት የምትመጣው ይህችን አንዲት ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሆነ። የሥራ ነገር ነው፣ ለእርስዎ ባይጥምም ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

አሠሪዬ አቶ ንዋይ አምና በተኩሱ ጊዜ ጥለው ከወጡ የውጭ ሰዎች በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች ገዛ። ካራቫን ይሏቸዋል። ጎማ አላቸው፣ ከፊት መጎተቻ ብረት አላቸው፣ አልጋውም ጠረጴዛውም ከወለሉና ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ጉምቦ ላይ ደርድሮ ሆቴል አደረጋቸው። ነፍሷን ይማርና እህትዎን አመለወርቅን ወጥ ቤት አስገባት፣ እኔን ቤቶቹን እንድጠብቅ ቀጠረኝ፣ ለመኖሪያም ከጓሮ በኩል አንዷን ሰጠን። ካራቫን ቀጥ ብሎ ካልቆመ ጣጣው ብዙ ነው። የሻወሩ ውሃ አይወርድም፣ በሩ ራሱን ይከፍታል፣ ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ትንሽ ካዘመመ አያቀዘቅዝም። የዚህ አገር አፈር ደግሞ መረሬ ነው። ሲዘንብበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዛሬ ያስተካከሉት ነገ ዘንበል ይላል። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ ሥራዬ በክሪክ ማንሳት፣ ከእግሩ ሥር ጣውላ መደረብ፣ መልሶ ማውረድ ነው። ድሮ በውሃ ልክ ነበር የማየው። በሚያዝያ ከእጄ ወድቃ ተሰበረች።

ያን ጊዜ አቶ ንዋይ ናይሮቢ ሄዶ አንዲት በባትሪ የምትሠራ ዕቃ አመጣልኝ። ከክብሪት ቀፎ ከፍ ትላለች፣ ጥቁር ናት። «ከእንግዲህ እንደ ዶሮ አንገትህን እያጣመምክ አረፋ ማየት ቀረ፤ ሠለጠንን» አለኝ። ዕቃዋን ካራቫኑ ወለል ላይ ያስቀምጧታል፣ ስልክ ላይ የቤቱ ሥዕል ይመጣል፣ ግራውን ይህን ያህል አንሳ፣ ፊቱን ይህን ያህል አውርድ ይላል። እኔ ውጭ ተንበርክኬ ክሪኩን እያዞርኩ ስልኩን አያለሁ። ሲስተካከል አረንጓዴ ይበራል። ደስ ይላል፣ ማንም አያስፈልግም። ብቻ መጀመሪያ ቀጥ ማለት ምን እንደሆነ ሊያስተምሯት ይገባል። ቀጥ ማለቱን የሚያውቁት ቦታ ላይ አስቀምጠው አንዲት ነገር ይጫናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉን በዚያ ትለካለች።

ቀጥ ማለቱን የማውቀው የራሴን ቤት ነው። ገባሁ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት፣ ተጫንኩ። አረንጓዴ በራ።

ከዚያ ካራቫኖቹን ሁሉ በእሷ አስተካከልኩ። ብዙም ሳይቆይ ቅሬታው መጣ። አንዱ የሻወሩ ውሃ ወደ መኝታ ገባብኝ ይላል። ሌላው ወተቴ በፍሪጅ ውስጥ ኮመጠጠ ይላል። አንድ ኬንያዊ እንግዳ ቁርስ ላይ የተቀቀለ እንቁላሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ተንከባሎ ጭኑ ላይ ሲወድቅበት መጥቶ በጨዋነት አሳየኝ፣ ሁለት ጊዜ አንከባለለው። ላዶ የሚባል የዚሁ አገር የባሪ ጎሳ ሰው አብሮኝ ይሠራል፣ ዕድሜያችን እኩል ነው። በእንግሊዝኛና በጁባ አረብኛ ነው የምንግባባው። ቆም ብሎ ካራቫኖቹን በጎን አየና «አኩይ፣ ወንድሜ፣ እነዚህ ቤቶች አፍንጫቸውን ቀስረዋል፤ ዩጋንዳ ሊሄዱብን ነው» አለኝ። እኔ ስልኩን አሳየሁት። አረንጓዴ ነው። «አፈሩ ነው» አልኩት። ለአቶ ንዋይም «አፈሩ ነው» አልኩት። እሱም አፈሩን ሰደበ።

ሌላም ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ወለሉ ወደፊት የሚደፋኝ ይመስለኝ ነበር። ስሰግድ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የምወርድ ያህል ይሰማኝ ነበር። ጾሙ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ላዶ ከወጥ ቤት ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አምጥቶ አንዱ ካራቫን ውስጥ ወለሉ ላይ አጋደመው። ውሃው ሁሉ ወደ ጀርባ ሄደ። ሁለተኛው ቤትም እንደዚያው። ላዶ ተቀመጠና «ይህችን ዕቃ የት ነው ያስተማርካት?» አለኝ። «እኔ ቤት» አልኩት። «ያንተ ቤት ሰዋ ሰዋ ነው?» አለኝ፤ እኩል ነው ወይ ማለቱ ነው። «ምን ነካህ፣ እኔ የምኖርበት አይደለም እንዴ» አልኩት። ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ፣ ተከተልኩት። ጎንበስ ብሎ ከፊተኛው እግር ሥር አየ። ከፊት ጣውላ ተደርቦበታል፣ ከኋላ ምንም የለም። በጣቱ ለካው፤ ሦስት ጣት። «ይህን ማነው ያደረገው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

እትዬ፣ በመስቀሉ እልዎታለሁ፣ አልዋሸሁም። አላውቅም ነበር። ላዶም ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከዚያ የላይኛውን ጣውላ ጭቃ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጣውላ አልነበረም። መክተፊያ ነበር። የቢላዋው ጭረት እንዳለ አለ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። ሽንኩርት ስትከትፍ እጇ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚያርፈው፣ እርስዎም ያውቃሉ።

ያኔ ትዝ አለኝ። አመለወርቅ ልቧ ከደከመ ጀምሮ ተዘርግታ መተኛት አትችልም ነበር፤ ትታፈናለች። እዚሁ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ትራስ እየደረበች ታድር ነበር። ጉምቦ ከገባን በኋላ ትራሱ እየሸሸባት አስቸገራት። ሐኪሙ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጉት አለን። አልጋው ደግሞ ከወለሉ ጋር የተሠራ ነው፣ ለብቻው አይነሳም። በጥቅምት አንድ ከሰዓት ክሪኩን አምጥቼ ቤቱን በሙሉ ከፊት፣ ከራስጌው በኩል አነሳሁት። ጣውላ አነሰኝ። እሷ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ መክተፊያዋን አቀበለችኝ። «እሱን ደርብበት፣ ለወጥ ቤቱ ሌላ ይገዛሉ» አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳሏም መጣ። «የሰው ባል ለሚስቱ ትራስ ያነሳል፤ የኔው ቤት ያነሳል» አለችኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት። እስከ ጥር በዚያው ተኛችበት። ለእርስዎ እንዳልነግር ያስማለችኝ እሷ ናት። «እትዬ ጉልበቷን እየጎተተች ጁባ ድረስ ትመጣለች» ብላ ነው።

እሷን አገር ቤት ቀብሬ ወደ ጁባ ተመልሼ በዚያው ቤት መኖር ቀጠልኩ። ቀጥ ያለ መሰለኝ። ለዚያች ዕቃ ያስተማርኳት የአመለወርቅን ራስጌ ነው። የሆቴሉን እንግዳ ሁሉ ለእሷ እንደሚመቻት አድርጌ አስተኝቼዋለሁ።

አቶ ንዋይ ሲሰማ መጀመሪያ «አንተ ሰውዬ፣ ከደንበኞቼ ጋር ልታጣላኝ ነው የተነሳኸው?» ብሎ ጮኸ። ላዶ መክተፊያውን አሳየው። አቶ ንዋይ በእሷ እጅ ብዙ በልቷል። ኮፍያውን አወለቀ። «የእንግዶቹን ነገ አስተካክል። ያንተን ተወው፣ ማንም አያይብህም» አለኝና ሄደ። ከኮንዮ ኮንዮ አዲስ ውሃ ልክ ገዛሁ፣ ዕቃዋን በወጥ ቤቱ ሊሾ ላይ እንደገና አስተማርኳት፣ ከላዶ ጋር ቤቶቹን ሁሉ አወረድን። የኔን ተውኩት።

ያን ሰሞን የእርስዎን መልእክት እንደገና ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ያቋረጥኩበት ቦታ ላይ አላቆምኩም፣ ዝም ብዬ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላሉ፦ «ልጅቱም ያልሆነ ልማድ አምጥታለች። ትራስ ቆልዬ ካልሆነ አልተኛም ትላለች። ሦስት ትራስ። አንገቷ ይጣመማል ብዬ ወሰድኩባት፣ ታለቅስብኛለች።»

እትዬ፣ እርስዎ ከየት እንዳመጣችው ማወቅ አይችሉም። ካቶር ሳለን አንድ ክፍል ውስጥ ነበር ሦስታችንም የምንተኛው። ተኩሱ መጥቶ ወደ እርስዎ ስንልካት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ስትሄድ ያየችው እናቷ ትራስ ደርባ ስትተኛ ነው። ቤቱን ሳነሳ እሷ አልነበረችም። በምን ተገናኘን? እሷ ፍቼ፣ እኔ ጉምቦ፣ ሁለታችንም ለአንድ ሰው አልጋ እናነጥፋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ክሪኩን አወጣሁ። ላዶ ላግዝህ አለኝ፣ ተው አልኩት። ካራቫን ለማውረድ መጀመሪያ ትንሽ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ጣውላው የሚላቀቀው ያኔ ነው። ትንሽ አነሳሁት። መክተፊያውን አወጣሁ። ከዚያ ቀስ አድርጌ አወረድኩ። በውስጥ አንድ ሲኒ ከመደርደሪያ ሲንሸራተት ተሰማኝ፣ አልተሰበረም። ዕቃዋ አረንጓዴ አበራች። መክተፊያውን አጥቤ ጥላ ሥር አስደግፌዋለሁ። በበዛብሽ እጅ ልልክልዎት አስቤ ነበር፤ ገና አልደረቀም።

የዚያን ዕለት ጋደም ስል ጭንቅላቴ ወደ ታች የሚሄድ መሰለኝ። አልጋውን በእጄ ያዝኩት። እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ትራሴ በሁለት በኩል ርሷል። ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል ብዬ ወንበር ላይ ወጥቼ በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ወደ ደጅ ወጣሁ፤ አፈሩም ደረቅ ነው። ላዶን «ሌሊት ዘንቧል እንዴ?» አልኩት። «አልዘነበም» አለኝ። ፊቴን አየና መጥረጊያውን አስቀምጦ ሻይ ቀዳልኝ።

ስለ ምዝገባው ይህ ነው መልሴ። እርስዎ አይሂዱ፣ ጉልበትዎን ይጠብቁ። ከጳጉሜ በፊት እኔ እመጣለሁ። አባት ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ትምህርቷን እዚያው እርስዎ ጋ ትማር፣ ጁባ ገና ለልጅ አትሆንም፤ ግን «ለሁልጊዜው» የሚለውን ቃል ያንሱልኝ። አቶ ንዋይን ለፈቃድ ጠይቄዋለሁ፣ ዕቃዋን ላዶ ይዟታል። ስመጣ ካዩኝ በኋላ ለልጅ አልሆንም ካሉ፣ ያኔ ፊት ለፊት ይንገሩኝ፤ እሰማዎታለሁ። የእርስዎን ውለታ መክፈል እንደማልችል አውቃለሁ።

የፍልሰታዋ እመቤት ጉልበትዎን ታበርታልዎት። ጾሙን በሰላም ያስፈታዎት። አሮጌውን ዓመት በጤና አሳልፎ አዲሱን ያሳየን። የእህትዎን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ትሕትናን ግንባሯን ይሳሙልኝ።

አንድ አደራ አለብዎት። ትራሶቿን ዛሬውኑ ይመልሱላት። ሦስቱንም። ስመጣ እኔው ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ አወርዳቸዋለሁ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ባል