ሽቦውን እንዳትቆርጥ

ቀበና፣ ነሐሴ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለፉፋ፤ ምጽዋ

አለሁልህ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ደኅና ነኝ። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ አትሳቅብኝ። እስከ ዛሬ እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልህ ጎረቤታችን የሺመቤት ነበረች። የዛሬው በሰው እጅ የሚጻፍ ስላልሆነ፣ በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁትን ፊደል ይዤ ራሴ ተቀመጥኩ።

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጀልባችሁ መልሕቋን ጥላ ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ፣ ነፋሱ መልሕቁን ከአሸዋው ነቅሎ ወደ ድንጋዩ ሲገፋችሁ፣ ያ የባሕሩን ጥልቀት የሚለካውና ከሞላችሁበት ቁጥር ሲያልፍ የሚጮኸው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቀሰቀሳችሁ። ሃያ ክንድ ሲቀራችሁ ሞተር አስነሥታችሁ ወጣችሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ መሬት ሳምኩ። ዓርብ ለኪዳነ ምሕረት እንጦጦ ወጥቼ ለአንተ አንድ ጧፍ፣ መሣሪያውን ለሠራው ጃፓናዊም አንድ ጧፍ አበራሁ። ስሙን በጸሎት እንዲያነሡልኝ ቄሱን ብለምናቸው "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉኝ። "እሱን እግዜር ያውቃል" አልኳቸው።

መጨረሻ ላይ የጻፍካት ነገር ግን እንቅልፍ ነሣችኝ። ባሕሩ ሲሸሽም ሲመለስም፣ ዓሣ በሥር ሲያልፍም እየጮኸ አላስተኛ ቢላችሁ፣ ካፒቴኑ የደወሉን ሽቦ ቁረጥ ብሎሃል። አንተም በመስከረም ልትቆርጠው ነው። "እንደ አቶ ኢቲቻ ቆርቆሮ ነው፤ በከንቱ ሲጮህ ይከርምና በሚያስፈልግበት ቀን ዝም ይላል" ብለሃል።

ስለዚያ ቆርቆሮ የማታውቀው ነገር አለ፣ ልጄ።

ታስታውሳለህ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሲዘንብ፣ አቶ ኢቲቻ ከላይ ከቤታቸው ሆነው ውሃው ሲደፈርስ ያዩና የዘይት ቆርቆሮ ይቀጠቅጡ ነበር። ወንዝ ዳር ልብስ የምናጥበው ሁሉ እርጥቡን ታቅፈን ሽቅብ እንሮጣለን። ከአሥሩ ስምንቱን ጊዜ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። በሰኔ 1972 ስሮጥ ያጠብኩት አንሶላ ጭቃ ላይ ወደቀብኝ። በንዴት ቀበሌ ሄጄ "ሰውየው ሕዝብ ያሸብራል" ብዬ አመለከትኩ። ያ ቃል ያን ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ አላሰብኩበትም። ፊደል ቆጥሬ ስሜን መጀመሪያ የፈረምኩት በዚያ ወረቀት ላይ ነው። በማግስቱ ቆርቆሮውን ወሰዱባቸው፤ ሁለተኛ እንዳይለምዳቸውም አስጠነቀቋቸው።

በወሩ እኅትህ ኢፍቱ ወንዙን ስትሻገር ውሃው መጣ። ሽማግሌው እየሮጡ በአፋቸው ተጣሩ፤ ግን የወንዙ ድምፅ በለጣቸው፤ ውሃው ወሰዳት። አንተ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርክ። "ተኝቶ ነው ያልመታው" ብለህ በራቸውን በድንጋይ ስትደበድብ ቆሜ አየሁህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ደብዳቤህን ይዤ ሄድኩላቸው። የጀልባውን ነገር ሳነብላቸው ደስ አላቸው። "አይቁረጡት" አሉ። "ባሕሩ በየቀኑ የሚሸሽበትን ያህል ትተው ቁጥሩን ሰፋ አድርገው ይሙሉት። ከዚያ ሲያልፍ ይጩህ። አንዳንዴ በከንቱ ቢጮህ ምን አለበት፣ ተነሥቶ ማየት ነው።"

ከዚያ ማመልከቻውን ልናዘዝ አፌን ስከፍት "ዐውቃለሁ" አሉኝ። ቆርቆሮውን ሲወስዱ የከሳሹን ስም አንብበውላቸው ኖሯል።

"ታዲያ ልጄ ድንጋይ ሲወረውርብዎ ለምን አልነገሩትም?" አልኳቸው።

"እኅቱን አጣ፤ እናቱንም ይጣ እንዴ?" አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅነትህን ለኔ ያቆዩልኝ እርሳቸው ናቸው። ውለታቸውን በምን እንደምመልስ አላውቅም። ትናንት ቀበሌ ሄጄ ክሴን አነሣሁ፤ ባዶ የዘይት ቆርቆሮም ወስጄ ሰጠኋቸው።

አሁን እውነቱን ዐወቅህ። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም፤ ሽቦውን ግን እንዳትቆርጥ። የአቶ ኢቲቻን ምክር ለካፒቴኑ ንገረው። እንቢ ካለህ ይህችን ደብዳቤ አንብብለት፤ እኔ ማፈሩን ችዬዋለሁ። ለፈቃድ ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው እርሳቸው ቤት ነው። እኔ ከደጃቸው ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ከነፋሱም ከድንጋዩም ትሰውርህ። ለካፒቴኑም ልብ ትስጠው።

እናትህ ሎሚ

ደብዳቤውን ሳላሽግ፦ ዛሬ ጠዋት ወንዝ ዳር ሳለሁ ቆርቆሮው ተመታ። ልብሱን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚትም አልሞላ። እኔ ግን ሽቅብ ወጥቼ እጃቸውን ሳምኩ።