በቁምህ የተለቀሰልህ ለቅሶ

ለተወደድህ ወንድሜ ለገብረወልድ፤

የአባቶቻችን አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንህ። ጤናህ እንዴት ነው? በልጅነትህ ክረምት በገባ ቁጥር ያሰቃይህ የነበረው ሳል ተወህ ወይስ የዚያ አገር ብርድ አባሰብህ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደኅና ናቸው? ልጆች መውለድህን ከሰው ሰምቻለሁ። በየስማቸው ጠርቼ ደኅንነታቸውን ልጠይቅ ወደድሁና ስማቸውን አለማወቄ ትዝ ሲለኝ ብዕሩ በእጄ ላይ ቆመ። እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ በአካል ደኅና ነን። የዘንድሮ ክረምት ቀራንዮን ጭቃ አድርጓት ከቤት እስከ መድኃኔዓለም የሚያደርሰው መንገድ ሽማግሌ የሚጥል ሆኗል።

በደብዳቤ መነጋገር ካቆምን ብዙ ዘመን ሆነ፤ ያቆምሁትም እኔ ነኝ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን ስትላክ ተምረህ እንደምትመለስ ቃል ሰጥተኸኝ ነበር፤ ሳትመለስ በቀረህ ጊዜ «ቃሉን ያጠፈ ወንድም የለኝም» ብዬ ጻፍሁልህ። ከዚያ ወዲያ የላክሃቸውን ደብዳቤዎች ሳልከፍት መለስኋቸው። በዚያን ጊዜ በዚህ ከተማ የስንቱ ቤት ልጅ ወጥቶ እንደ ቀረ፣ ስንት እናት ማልቀስ እንደ ተከለከለች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሆኖም ለምን ቀረህ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም። ይህን ደብዳቤ ልጄ ወለተጻድቅ በእጇ ይዛ ከአገር ወጥታ ከምትሄድበት አገር ፖስታ ቤት ታስገባልሃለች፤ ስለዚህ ሳልሸፍን እጽፍልሃለሁ።

ወለተጻድቅን ስትሄድ እጇን ይዘህ ተማሪ ቤት ታደርሳት የነበረች ልጅ አድርገህ እንዳታስባት። በእርሻ ትምህርት ተመርቃ በአፈር ጥበቃ ሥራ በየገጠሩ ትዞራለች። አምና ድርቁ ካጠፋው አገር ደርሳ ስትመለስ ለብዙ ቀን እህል አልወረደላትም። ከዚያ በኋላ የሆላንድ መንግሥት ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል ለማግኘት ተወዳደረች፤ ተመረጠችም። መሥሪያ ቤቷ ፈቃዱን ለመስጠት የጠየቃት አንድ ነገር ነበር፤ ከቀበሌያችን የድጋፍ ደብዳቤ። ውጭ አገር ሄዶ የቀረ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ድጋፍ እንደማይሰጠው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ወለተጻድቅ ለሥራ ወደ ገጠር ስለ ወጣች ደብዳቤውን ልትጠይቅ የሄደችው እናቷ አስካለማርያም ናት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይመር እሷን አስቀምጦ «ያ የመሪጌታ ወንድም የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም የምትለው ቢጠፋት «ሞቷል» አለችው። ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ብድግ አለ። «ነፍስ ይማር! ታዲያ እንዲህ ያለ መርዶ ለብቻ ይያዛል? እኛ ሰፈርተኛ አይደለንም?» ብሎ ተቆጣት። እሱ ለክፋት አላሰበም፤ የእድራችን አባል ነውና ከቢሮው ወጥቶ በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄደ። አስካለማርያም ግን የሆነውን ልትነግረኝ ፈርታ ዝም ብላ አደረች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ለኪዳን ጸሎት ልወጣ የግቢውን በር ስከፍት የእድሩን ጡሩምባ ሰማሁ። የማን ቤት ይሆን ብዬ ቆምሁ። ለፋፊው «እድርተኛ ሁሉ! የመሪጌታ ቀለመወርቅ ወንድም አቶ ገብረወልድ በውጭ አገር ስላረፉ ለቅሶ ድረሱ!» አለ። ወንድሜ ሆይ፣ ከልክ ያለፈ ለቅሶ ለክርስቲያን አይገባም እያልሁ ሌላውን የምገሥጽ ሰው፣ በጭቃው ላይ ተቀምጬ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልሁ ጮኽሁ። ጎረቤቶቼ ያነሡኝ ነጠላዬ በጭቃ ተለውሶ ነው። በዚያች ሰዓት በልቤ የነበረው ያንተ ጥፋት አልነበረም፤ ሳልከፍት የመለስኋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ።

አስካለማርያም እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና «መሪጌታ፣ እርስዎ አይሙቱብኝ፤ አልሞተም» አለችኝ። ቀጥላም እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። «አፌ አመጣው፤ ጡሩምባ ይነፋል ብዬ መች አሰብሁ!» አለች። በደጅ የድንኳኑ ካስማ ሲመታ ይሰማናል። ወጥቼ አንድ ቃል ብናገር ድንኳኑ ይፈርስ ነበር። ብናገር ግን ልጄ የለፋችበት ትምህርት እዚያው ይቀራል፣ ሚስቴም ቀበሌን ያታለለች ሴት ተብላ ትጠየቃለች። ሕፃናትን «ሐሰት የተናገረ አፍ ለቅዳሴ አይከፈትም» እያልሁ የማስተምረው እኔ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ከለቀስተኛው ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥሁ። በመጀመሪያ ያፈሰስሁት እንባ የእውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ስሙ ምን እንደ ሆነ አንተው ታውቃለህ።

እስከ ሣልስት ድረስ ሰው አልተቋረጠም። የእህል ነጋዴው ሀምዱ ከአጠገቤ ተቀምጦ መነጽሩን አወለቀና «ይሄን ያያሉ መሪጌታ? እሱ ነው የላከልኝ። ‹ለወንድሜ እንዳትነግረው፤ ከሰማ መነጽሩን ከነዓይንህ ይሰብረዋል› ብሎ ነው በሰው እጅ የላከው» አለኝ። ድንኳን ሙሉ ሰው በእንባው መካከል ሳቀ።  እኔ ስምህ በቤቴ እንዳይነሣ ስከለክል፣ አንተ ከዚያ ሆነህ የጎረቤቴን ዓይን ታስብ ነበር።

ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት እናድርስለት ባሉኝ ጊዜ ግን ደነገጥሁ። በሕያው ሰው ላይ የሙታን ጸሎት ማስደረስ አልደፈርሁምና ምክንያት ሳልሰጥ «አይሆንም» አልሁ። ሰው ሁሉ ያን ቂም አድርጎ ተረጎመው። እማሆይ ጽጌማርያም በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው «ቀለመወርቅ፣ ከሙት ጋር ይኳረፋል? አንተ አይደለህም በየሰንበቱ ይቅር ተባባሉ የምትለን?» አሉኝ።  ስለ ፍትሐቱ ተሳስተዋል፤ ስለ እኔ ግን አልተሳሳቱም።

ወለተጻድቅ መርዶውን በመንገድ ሰምታ ከድንኳኑ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው። ደረቷን ስትመታ ማየት ስላልቻልሁ ወደ ጓዳ ጠርቼ እውነቱን ነገርኋት። እንባዋን ጠረገችና «አባዬ፣ በአጎቴ ሬሳ ላይ ተረማምጄ ትምህርት አልሄድም» አለች። «ሬሳ የለም» አልኋት። «እሱ አይብስም?» አለችኝ። በዚህ ቤት የዘራሁት ያ ጠማማ ነገር የማይወድ ልብ በእሷ ውስጥ ቆሞ ሲመለከተኝ አየሁት። እኔ ደግሞ «ዝም በይ፤ አባትሽ ነኝ» ብዬ ረገጥሁት። ልጄን ከፊደል ጀምሮ ብዙ ነገር አስተምሬአታለሁ፤ ሐሰትን አውቆ ዝም ማለትንም ያስተማርኋት እኔው ሆንሁ። ታዘዘችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በቀጥታ ዓይኔን አይታ አታውቅም።

የድጋፍ ደብዳቤውን ጓድ ይመር ራሱ ማኅተም አሳርፎ ለቅሶው ቤት ድረስ አመጣልኝ። በሁለት እጁ ይዞ «ልጅቱ ተምራ ታጽናናዎ» አለኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ አርባህ ደረሰ። የሰፈሩ ሴቶች ለተዝካርህ ጌሾ እናዋጣ እያሉ አስካለማርያምን ይጠይቋታል፤ ካህናቱም በዚህ ቀን እንቢታዬን እንደማይሰሙኝ ነግረውኛል። ወለተጻድቅ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ትሳፈራለች። እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። በዚያ ተነሥቼ «ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ያስለቀስኋችሁ እኔ ነኝ» እላለሁ። ቃሉ ከአስካለማርያም አፍ ቢወጣም ምንጣፉ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ስለሆንሁ ስሟን አላነሣም። ልጄ ከሄደች በኋላ መናገሬ ጀግንነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የቀረኝ እውነት ይህቺው ናት። ከእድሩ ቢሰርዙኝ፣ ቀበሌው ቢያስረኝ፣ የሚገባኝ ነው። የሚያስጨንቀኝ ነገሩ በልጄ ላይ ዞሮ ከትምህርቷ መልሰው እንዳይጠሯት ነው። ያ ቢሆን አጠገቧ የሚሆን ሌላ ዘመድ የላትምና አለኝታ ሁናት።

ይህን የምለው ግን አስቀራት ለማለት አይደለም፤ መልሳት ለማለትም አይደለም። ተምራ ብትመለስ የተራቆተው መሬት ይፈልጋታል፤ ያን እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። አንተን ያኔ በመስቀል ፊት አስምዬ ነበር የላክሁህ። እሷን ትመለሺ እንደሆነ ማይልኝ አላልኋትም፤ ሌላውን የማስምልበት አፍ የለኝም።

ወንድሜ፣ ይቅርታህን እለምናለሁ። እዚህ ብትሆን ኖሮ ታላቅህ ነኝ ሳልል ድንጋይ ተሸክሜ እግርህ ላይ በወደቅሁ ነበር። ፈቃድህ ከሆነ በገዛ ስምህ፣ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፤ የልጆችህንም ስም ንገረኝ።

አስካለማርያም «ምላሴን ይቅር በለኝ፤ ዕድሜህን ያርዝመው» ትልሃለች። ወለተጻድቅ ሰላምታዋን በራሷ ቃል ትጽፍልሃለች። ለባለቤትህና ለልጆችህ፣ የማያውቁት አጎታቸው ጤና ይስጥልኝ ይላል በልልኝ። ከሰፈራችን ሰው ግን አንድም ሰላምታ አልላክሁልህም፤ እስከ እሑድ ድረስ በእነሱ ዘንድ ሞተሃል።

ታላቅ ወንድምህ፣
ቀለመወርቅ

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፳፫ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.