አስቸጋሪዋ አንባቢዬ፣ እማዬ

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ማለትም ጣራው ያፈሳል፣ እማዬ ትቆጣለች፣ እኔም ማተሚያ ቤት ተጎልቼ የሰው ድርሰት አርማለሁ። ደራሲዎቹን «አንባቢህን ሳታውቅ ብዕር አታንሳ!» እያልኩ ስገስጽ እውላለሁ።

የሚያሳፍረው ምክሬን እኔው አለመስማቴ ነው። ደብዳቤህ ከቆመ ስምንት ወር ሆነው፤ መቼም የፖስተኞች ስንፍና አያልቅም። የእማዬ ዓይን ስለደከመ የማነብላት እኔ አይደለሁ? ባለፈው ሳምንት በአንተ ስም አንድ ጻፍኩና አነበብኩላት። ጤናው፣ ሥራው፣ ናፍቆቱ፣ ሁሉም በልኩ፤ አንድም ሮሮ የለበት።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ፣ እማዬ።»

«አልጋው ይቆረቁረኛል አላለም? አለቃዬ ደንቆሮ ነው አላለም?»

«ተመችቶታላ!»

«የኔ ልጅ እንኳን ሰው አገር፣ እናቱ ጓዳ ሆኖም ሳያማርር ውሎ አያውቅ። ያንቺ ጽሑፍ ያምራል፤ እሱ ሲጽፍ ግን ያኔ አንብቢልኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ቀድማኝ ትነሳለች።

እና ወንድም ጋሼ፣ እባክህ አማርር። አለቃህን ስደብ፣ አልጋህን እርገም፤ ሁለት መስመር ይበቃል። አንዲት ቃል አላርምም።

ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎቼ ሳይከፈቱ ተመልሰውልኛል። ይህም የፖስተኞች ስንፍና ነው።

ናፍቆታችን ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ።

ታናሽ እህትህ