በኅዳር የተዘራ ሣር

እማዬ፣

ጾሙስ እንዴት ያዘሽ? በዚህ ብርድ ጉልበትሽ አልተነሳብሽም? እኛ ይመስገነው፣ አለን። ከካራ ኮተቤ አንድ ታክሲ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ስልኬን አታነሺማ! እህቴ እየሩስ ማምሻውን ታደርስልሻለች፤ እሷን ደግሞ እንዳትቆጪያት።

መስከረም ላይ መጥተሽ፣ የግቢያችን በር ላይ ቆመሽ፣ «እዚህ አፈር ውስጥ እግሬን አላስገባም» ብለሽ ተመለስሽ። ነገሩ አፈሩ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ ነው? ቤተ ክርስቲያንሽን ትቼ ኢታናን በፓስተር ፊት ማግባቴ ነው። እኔም ያንቺው ልጅ፣ እልኸኛ ነኝ፤ ሰበቡን ላሳጣሽ ብዬ በኅዳር ብርድ ሣር ዘራሁ።

ኢታና ሳቀብኝ። በዚህ ውርጭ ማን ሣር ይዘራል፣ ክረምት እስኪገባ ጠብቂ አለኝ። ክረምት ሲገባ እጄ ባዶ እንደማይሆን እያወቀ! የመጀመሪያው ዘር አፈር ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ያኔ አንቺ ገብሱን ለብቅል የምታደርጊው ትዝ አለኝና ሁለተኛውን ዘፍዝፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ጫፉ ነጭ ነጭ ብሎ ሲያቆጠቁጥ በተንነው። ማታ ማታ ላስቲክ ይለብሳል፣ ውኃ የሚጠጣው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። ሐኪም ጎንበስ እንዳልል ስለከለከለኝ የሚያለብሰው ኢታና ነው፤ እኔ ቆሜ አዛለሁ። ነፋሱ ከእንጦጦ ሲወርድማ እረፍት የለኝም፣ አሥር ጊዜ መስኮት ላይ ነኝ። በቅሎ ሳየው አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ?

ዛሬ ጠዋት ግን ጉድ ሆንኩልሽ። ለበዓሉ ከነቀምት የመጡት የኢታና እናት፣ እማማ ቢፍቱ፣ አንቺን ለገና ልጠራሽ እንደምፈልግ ሰምተው ኖሯል። ገበያ ደርሼ ስመለስ ሣሬን በማጭድ ሙልጭ አድርገው አጭደው ሳሎኑ ውስጥ ጎዝጉዘውታል! ጮህኩ፣ እማዬ። እሳቸው ግራ ገባቸው። ለእናት እርጥብ ሣር ሳይጎዘጎዝ በር ይከፈታል እንዴ፣ ደጃችን እያለ ቄጤማ ለምን ይገዛል አሉኝ። ምን ልበላቸው? የእኔ እናት በሩን አታልፍም ልበላቸው? አፈርኩ። ቁጭ ብዬ ሳለቅስ በዚህ ጊዜ ማልቀስ ደግ አይደለም ብለው አባበሉኝ።

እማዬ፣ ግቢው እንደነበረው አፈር ነው፣ አልዋሽሽም። ሣሩ ግን ቤት ውስጥ ላንቺ ተጎዝጉዟል። ነገ ከቅዳሴ ስትወጪ ታክሲ ያዢ። ምግብ ሁሉ ሸቶኛል፣ የሚያምረኝ ያንቺ ድልህ ብቻ ነው። ጾሙን በሰላም ያስፈታሽ፤ እግርሽን ያጽናልኝ።

እንደገና የምዘራበት ጊዜ የለኝም፤ ሳይደርቅ ድረሺልኝ።

ልጅሽ