ለእህትህ ምን ይዤ ልሂድ?

ለአያሌው፣ ለልጄ አባት፤

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ከተለየኸኝ ይህ ስድስተኛው ክረምት ነው። ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ብዕሩን መልሼ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ያስነሣኝ ቅናት ነው። ሌላ የሚያምር ምክንያት ብነግርህ ደስ ባለኝ፤ ግን አንተን መዋሸት በቅቶኛል።

ቤቱ ደህና ነው። ቆርቆሮው ዘንድሮ ተለውጧል። በበራችን ፊት የነበረው ጭቃ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ ይመላለስበታል፤ ብታየው ራስህን ትይዝ ነበር። ልጃችን ጌታሁን አናጢ ሆኗል፤ እጁ አንተን ነው።

እህትህ ውድነሽ ባሏን ፈትታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከቢቸና ወደ ሞጣ መጥታለች። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች እንጂ ወደ እኔ አልመጣችም። ለምን እንዳልመጣች አውቃለሁ፤ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ባሏ ለሞተባት ሴት ወጉ ይታወቃል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ለወለደች ገንፎ አለ። ባሏን ፈትታ ልጆቿን አዝላ ለመጣች ግን የተለመደ ነገር የለም። በዕድራችን ሴቶች ስብሰባ ላይ የእርሷ ነገር ሲነሣ ክርክር ሆነ።

«ምን ብለን ነው የምንገባው? ‘እንኳን ባልሽን ፈታሽ’ ልንላት ነው?» አለች ጥሩዬ። ምላሷን ታውቀዋለህ።

ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘይነባ «‘እንኳን ተገላገልሽ’ በያታ! አንቺ ዱላውን አልቀመስሽው» ስትላት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ስጦታውን ተናገረ። ዘይነባ ጠንካራ የበር ቁልፍ ልትገዛላት ነው፤ ብቻዋን የምታድር ሴት ከሁሉ በፊት በሯን ትቆልፍ አለች። አንዷ ለልጆቹ ቀለብ ፍርድ ቤት ስትመላለስ አብሬያት እቆማለሁ አለች። ያቺው ጥሩዬ እንኳ «እንግዲህ በገበያ ቀን ልጆቿን እኔ ላውላቸው፣ ወጥታ ትነግድ» አለች።

እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር።  አንተን በቀበርኩ ጊዜ ወጡ በየሰሐኑ ጎረፈ። ከአርባህ በኋላ ሰሐናቸውን እየለዩ ወሰዱ፤ አለቀ። በርሽ ይቆለፋል ወይ ያለኝ አልነበረም። ምን ይጎድልሻል ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም። የሞተብኝ እኔ፣ ስጦታው ለፈታችው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ፊትህ ላይ ብናገረው አፍር ነበር።

በዚያው ሳምንት ጌታሁን ሳይነግረኝ አልጋ ሠራላት። ሳንቃውን ከየት አገኘው ትለኛለህ? ለመጻሕፍቴ መደርደሪያ ልትሠራልኝ አዘጋጅተህ ያስቀመጥከውን ነው የወሰደው። «መሬት ላይ እኮ ነው የሚተኙት እማዬ» አለኝ። «ጎሽ ልጄ» አልኩት፤ ጓዳ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

ይህ ቅናት የዛሬ አይደለም። እርሷ ስትመጣ ያንተ ሳቅ ይለወጥ ነበር። የልጅነታችሁን ነገር ታነሣላችሁ፤ እኔ የማላውቀውን ጅብ፣ የማላውቀውን ወንዝ። ደብዳቤ ሲመጣልህ «ውድነሽ ታንብብልኝ» ብለህ ሁለት ሳምንት ታስቀምጠዋለህ። ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ንዴት ነው። በጌታሁን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ፣ አንተ ገበያ ስትውል፣ በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እየተደናቀፍኩ ሳነብልህ ደስ ብሎህ ነበር። እርሷ ስትመጣ ግን ያንኑ ደብዳቤ አውጥተህ እንደገና አስነበብካት። አላየሁም መሰለህ።

አሁን የምጽፈውን በቁምህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ከመሞትህ ጥቂት ዓመታት በፊት ውድነሽ የባሌ ዱላ መረረኝ፣ ልመጣ ነው ብላ ስትልክ፣ አንተ እህል ልትገዛ ወደ መርጡለ ማርያም ልትሄድ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ «ከመጣች የኋላውን ክፍል ስጫት። ስመለስ መስኮት አወጣለታለሁ፤ ለማንበብ ብርሃን ትፈልጋለች» አልከኝ። መስኮት! እኔ ስንት ዓመት በበሩ ደፍ ላይ አንብቤያለሁ፤ መስኮት የታሰበልኝ መቼ ነው?

በማግስቱ መጣች። ዓይኗ አብጦ፣ ልጅ አዝላ። እግሯን አጠብኩ፣ አበላኋት። ከዚያ «ወንድምሽ ‘ወደ ባልሽ ተመለሺ፣ በሽማግሌ ይታያል’ ብሏል» አልኳት። ልጇን መልሳ አዘለች። የታላቅ ወንድሟ ቃል ነዋ። ስንቅ ቋጥሬ የቢቸና አውቶብስ ላይ አሳፈርኳት። ለአንተ ደግሞ «ታርቄያለሁ ብላ ላከች» አልኩህ።

ያኔ እንደ ዛሬው በየእጁ ስልክ አልነበረም። አንተ ራሷ መጥታ ትንገረኝ ብለህ ተቀየምክ። እርሷም ባባረረኝ ደጅ አልቆምም ብላ ቀረች። ሁለታችሁም አንድ እናት ያሳደገቻችሁ ኩሩዎች ናችሁ። አንተ ስትሞት ብቻ መጣች። ለቅሶው መሐል ቆማ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

መንገደኛው ሁሉ ሲያርፍበት በደጅህ፣
ለኔ ብቻ ጠበበ፣ ምን በደለች እህትህ?

ለቀስተኛው አነባ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ታዲያ አሁን ለእርሷ ምን ይዤ ልሂድ? እንስራ አሰብኩ፣ ብርድ ልብስ አሰብኩ። ጎተራ ገብቼ ነጩን ጤፍ አልፌ ቀዩን ሰፈርኩ። እጄን አየሁትና አፍሬ መልሼ ደፋሁት። ነጩን በጆንያ አስሬ ሄድኩ።

በሯ ላይ የዘይነባ ቁልፍ ያብረቀርቃል። የልጃችን አልጋ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። እንዳየችኝ ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እታለም፣ ያኔ ስንቅ ቋጥረሽ የሸኘሽኝን አልረሳውም። እዚያ ቤት መግባት አቅቶኝ እንጂ አንቺን ጠልቼ አይደለም። ወንድምዓለም ቢጨክንብኝ አንቺ አልጨከንሽም» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጣፈጠኝ። በዕድሜዬ አንዴ ካንተ በላይ ተወደድኩ። ያንን ይዤ ልወጣ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ትልቋን ልጇን ጠራችና «ነይ ሳሚያት፣ ከአጎትሽ የምትሻለዋ እቺ ናት» አለቻት። ልጅቱ ጉንጬን ሳመችኝ።

እዚያው ቆሜ ለውድነሽ ነገርኳት። «አያሌው ተመለሺ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳት።

ልጅቱን ከእኔ ላይ ሳበቻት። ከዚያ «ምን ነበር ያለው? አታሳጥሪው፣ እንዳለው ንገሪኝ» አለች። ክፍሉንም መስኮቱንም፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መስኮት» አለች፤ ደግማ «መስኮት»። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ጤፉን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። እታለም አላለችኝም።

ጆንያዬን አዝዬ በገበያው መሐል ተመለስኩ። ጥሩዬ ከጉልቷ ሆና «ምነው፣ አልቀበልም አለችሽ?» ብላ ጮኸች። «አዎ» አልኳት። 

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብርህ መጣሁ። ውድነሽ ቀድማኝ ነበር። ልጆቿን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ታወራሃለች፤ እያለቀሰች መሐል ላይ ትስቃለች። «አንተ ግትር፣ መጥተህ አትጠይቀኝም ነበር? ሁለታችንም ግትር!» ስትልህ ሰማሁ። ከጥዱ ዛፍ ሥር ቆምኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ እኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላወራሁህም። ቀናሁ አያሌው፤ መቃብርህ ላይም ቀናሁ። ዘወር ስትል አየችኝ። አልጠራችኝም። ፊቷን መልሳ ወሬዋን ቀጠለች፤ እኔም ሳላቋርጣት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። እኔ ግን ደብተር ገዝቼ ስለ እርሷ ከአፍህ የሰማሁትን ሁሉ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ወንዙን፣ ጅቡን፣ እርሷ ስትዳር ተደብቀህ ያለቀስከውን። አንድ ቀን መጥታ «ሌላስ ምን ብሎ ነበር?» ብትለኝ ባዶ እጄን እንዳልጠብቃት ነው። በሕይወት እስካለሁ አንድም ነገር አላስቀርባትም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ለእኔ ያልከኝ ግን ጥቂት ነው። እርሱን አልጽፈውም፤ በልቤ ይዤው እኖራለሁ።

የልጅህ እናት