ከበሩ የማይወጣው የወረቀት አውሮፕላን

ለውድ ወንድሜ ለኤርቪን፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ከፋብሪካ ስትወጣ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምትሄደው? ባለቤትህ ሲልቪያስ ደህና ናት? ትንሿ ሃንያዬስ ጥርሷ በቀለላት? ሃምቡርግን ዝናብ እንደያዘው በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጭጋጉና የከሰል ጭሱ ተጋብተው ከርመዋል፤ ነጭ ልብስ ውጭ ያሰጣ ሰው አጥቁሮ ነው የሚያስገባው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር፤ እስከ መጨረሻው ግን ቃሌን እንዳትይዝብኝ።

ስልኩ ያለው አባባ ክፍል ስለሆነ ስትደውል የልቤን ልነግርህ አልቻልኩም። «ሁሉ ሰላም ነው» የምልህ እሳቸው ፊቴ ተቀምጠው ዐይን ዐይኔን እያዩኝ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

አባባ ያንን ባለ ሁለት ሞተር የድሮ ቦምብ ጣይ ከወረቀት እየሠሩ መሆኑን ታውቃለህ፤ ምን እንዳከለ ግን አታውቅም። ልጅ ሳለን ከመጽሔቱ ቆርጠን የምንለጥፋት፣ መዳፍ ላይ የምታርፈዋ እንዳትመስልህ። ንድፉን ማተሚያ ቤት ወስደው በትልቁ አሳተሙት፤ ክንፉ ዛሬ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ከምድጃው እስከ መስኮቱ ይደርሳል። አጥንቱ ወፍራም ካርቶን ነው፤ በላዩ ላይ የታተመውን ቀጭን ወረቀት እየወጠሩ እንደ ቆዳ ያለብሱታል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጩ እንዳይታይ አንድ በአንድ በብሩሽ ይቀቡታል። ዕድሜ ልኩን ከመሬት በታች፣ በከሰል ማዕድን ያሳለፈ ሰው ጣት እንዲህ ያለ ነገር ይችላል ብለህ አታምንም። ቆንጆ ነው ኤርቪን፤ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አልቅሻለሁ። ክንፉን ከገላው ጋር ካጣበቁት ወዲህ ግን ከበሩ አይወጣም። ይህን ስነግራቸው «ኤርቪን ይምጣ እንጂ መስኮቱን ከነክፈፉ ነቅለን እናወጣዋለን» ብለው ሳቁብኝ።

ወረቀት እርጥበት እንደማይወድ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በመከር ጭጋጉ ሲገባ የግራው ክንፍ ጠመመ። ቀዳደው እሳት ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ነው ክፍሉን ማሸግ የጀመሩት። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቁት፤ በሩ ሥር የድሮ የማዕድን ካፖርታቸውን ጠቅልለው አስገቡበት፤ ከምድጃው በላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ደግሞ በፕላስተር ለጠፏት። በዚያ ላይ ወረቀቱ እንዲደርቅ ብለው ምድጃውን ከሰል እያጎረሱ ቀኑን ሙሉ ያነዱታል።

ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ይተዋቸዋል፤ ክፍሉ ሲገቡ ይመለስባቸዋል። ድመቷ ያቺን ሞቃት ክፍል ትታ ደረጃው ላይ እየተንቀጠቀጠች ታድራለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ምሳ ይዤላቸው ስገባ ቀና ሳይሉ «ማርታ፣ መቀሱን አቀብይኝ» አሉኝ። በእማማ ስም እኮ ነው የጠሩኝ፤ መቀሱን አቀበልኳቸው።

ጭስ ማውጫ ጠራጊው ሮማን እንደየዓመቱ ከገና በፊት ሊያይ መጣ። አባባ በሩ ላይ ቆመው «ጥላሸትህን ክንፌ ላይ ልታራግፍብኝ ነው? ከገና በኋላ ና!» አሉት። ሮማን አንገቱን አስግጎ ቀዳዳዋን አያትና «ጋሼ አሎይዝ፣ እሷን አሽገው ምድጃ የሚያነዱ ከሆነ እኮ መቃብርዎን እያሟሟቁ ነው» አላቸው። ኧረ ቁጣ! «እኔን? እኔን ጋዝ ልታስተምረኝ? አንተ ጡት ሳትጥል እኔ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ለክቼ ስንቱን ሰው በነፍሱ ያስወጣሁ ነኝ! ክፉ አየር ቢኖር አፍንጫዬ ይነግረኝ ነበር።» የከሰሉ መርዝ ሽታ እንደሌለው ለጉድጓድ ሰው መንገር ምን ያህል እንደሚከብድ እንግዲህ አስበው። ጠራጊ ያየ ሰው ለዕድል አዝራር ይይዛል አይደል፣ ሮማን ሲወርድ እኔም እንደ ልማዳችን የካፖርቴን አዝራር ጨበጥኩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሂልዳ አይተውኝ «ጠራጊው በተባረረበት ቤት አዝራር መጨበጥ ምን ሊረባሽ?» አሉኝ።

ይህን የምጽፍልህ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ክፍላቸው ውስጥ፣ ክንፉ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ዛሬ የመጣሁት ቆርጬ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ ፕላስተሩን ልልጥ ስል እጄን ያዙኝ። «የዛሬን ብቻ ተይኝ ልጄ፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ማስቲሽ ይድረቅልኝና ነገ ሮማንን ራስሽ ጥሪው» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ አባባ ደግሞ ሁለቱንም ሆነዋል ብዬ በሆዴ ሳቅኩና ወረድኩ። ለገና ዋዜማ ማዕድ ላልታሰበ እንግዳ የምንተወውን ባዶ ሳህን ከአሁኑ አውጥተው ሁለቱን የወረቀት ፕሮፔለሮች አስቀምጠውበታል። እንደ ልጅነታችን የመጨረሻዋን የምታጣብቀው አንተ ነህ አሉ። ያቻትና፣ ፊቴ ናት።

አሁን ወንበራቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል፤ ጉንጫቸው እንደ ሕፃን ቀልቷል። እኔንም ራሴን ከበደኝ፣ የጭቅጭቁ ይሆናል። በል እንግዲህ ወንድሜ፣ ልሰናበትህ። አባባ ሰላም ይሉሃል። ወይዘሮ ሂልዳ ሰላም ይሉሃል። እማማም ወጥ ቤት ሆነው የቀይ ሥር ሾርባውን እያማሰሉ፣ ኤርቪን ብርድ እንዳይመታው ሹራቡን ይልበስ በይልኝ ይላሉ።

ኤርቪን፣ ይህን የምቀጥለው ከቀናት በኋላ፣ ቤቴ ሆኜ ነው፤ ከዚህ በላይ ያለውን መስመር እንድታየው ብዬ አልሰረዝኩትም። እማማን ስንቀብር አንተ በቀኝ እኔ በግራ ሆነን አፈር እንዳለበስናቸው ትዝ ይልሃል። እኔ ግን ያንን ስጽፍ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነበር፤ የማንኪያው ድምፅ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ምንም አልደነቀኝም።

ደብዳቤ ሳላሽግ መልሼ የማንበብ ልማዴን ታውቃለህ፤ ስትስቅብኝ ነው የኖርከው። እማማ የሚለው ላይ ስደርስ ዐይኔ ቆመ። ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ፤ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሳሁ። አባባን ጠራኋቸው፤ አልሰሙኝም። በሩ ሩቅ ሆነብኝ፤ መስኮቱ ቅርብ ነው፣ ግን በእኔና በመስኮቱ መሀል ክንፉ አለ። በላዩ ላይ ሄድኩበት። ከእግሬ ሥር አጥንቱ ሲሰባበር ይሰማኛል፤ ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። መስታወቱን በከሰል አካፋው ሰበርኩት። የአባባን ብብት ይዤ እየጎተትኩ፣ እየጮህኩ ደረጃው ድረስ አመጣኋቸውና ወይዘሮ ሂልዳ ደረሱልኝ። ሆስፒታል ያየን ሐኪም «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ።

ይኸው ተርፈናል። አሁን ክፉውን ልንገርህ። አባባ ሐሙስ ከሆስፒታል ወጡ። እግዜር ይስጥሽ አላሉኝም። ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «በክንፌ ላይ ሄድሽበት አይደል?» ደሞ እኮ በለሆሳስ ነው፤ በጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ሾርባ ይዤ ብሄድ መስታወቱ ተተክቷል። ስንጥቁ በአዲስ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ካርቶን ተዘርግቶ የክንፉ የጎድን አጥንቶች እየተቆረጡ ነው። ምድጃው ይንበለበላል። ቀና ብዬ ሳይ ቀዳዳዋ ላይ አዲስ ፕላስተር፣ ያውም ድርብ አድርገው።

«አባባ፣ ምነው?» አልኳቸው። «ያን ቀን ምድጃው ነው ያስቸገረው፤ አሁን የምድጃውን በር አስተካክዬዋለሁ» አሉኝ። «ሮማንስ?» ብል «ከገና በኋላ ብዬዋለሁ!» ፕላስተሩን ልልጥ ወንበር ስስብ ክንዴን ይዘው በር ላይ አደረሱኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔ ዘንድ ያለውን የቤቱን ቁልፍ ማለታቸው ነው። «ኤርቪን እስኪመጣ ድረስ አልፈልግሽም፤ ሌላ ክንፍ የለኝም» አሉኝ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ፣ አባቴ ናቸው! ከውስጥ ሲቀረቅሩና ካፖርቱን በሩ ሥር ሲወትፉ ሰማሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እስከ ገና ጠብቂኝ አትበለኝ። ዘንድሮም ፈቃድ አልሰጡኝም አትበለኝ። እኒህ ሰውዬ የሚሠሩት ላንተ ነው፤ የሚታፈኑትም ላንተ ነው። በስልክ ብትነግራቸው «እሺ» ይሉሃል፣ ከዚያ ስልኩን ዘግተው ሌላ ፕላስተር ይጨምራሉ። በሩን ላንተ ብቻ ነው የሚከፍቱት። መጥተህ ቀዳዳዋን በገዛ እጅህ ክፈት፤ ከዚያ ብትፈልግ አብረህ ተቀምጠህ ካርቶን ስትቆርጥ ክረም። እኔ የተቆጣሁት በአውሮፕላኑ አይደለም። የተቆጣሁት ባንተ ነው፤ ይኸው አልኩት።

ነገ የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ የቅድስት ባርባራ በዓል ነው። የማዕድኑ ሙዚቀኞች ጠዋት በአባባ መስኮት ሥር ያልፋሉ። አባባ ሁልጊዜ መስኮቱን ወለል አድርገው ባለ ላባውን የማዕድን ሠራተኛ ኮፍያቸውን ያወዛውዙላቸዋል። እኔም ከሰልፉ ጋር ሄጄ፣ አዝራሬን ጨብጬ፣ መስኮቱ መከፈቱን ቆሜ አያለሁ። ወይዘሮ ሂልዳም ካልተከፈተ በሩን የሚሰብር ሰው ከወዲሁ አዘጋጅተዋል።

ለሲልቪያ ወንድሜን ስለምትጠብቅልኝ ምስጋናዬን አድርስልኝ። ሃንያዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ወይዘሮ ሂልዳ በእውነት ሰላም ብለውሃል፤ ይህንን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። አባባ ሰላም አላሉህም፤ መጻፌን አያውቁም። የእማማን ሰላምታ ደግሞ መልሼ ወስጃለሁ። አባባም ከእሳቸው ዘንድ ሆነው ሰላም ሳይሉህ ቶሎ ድረስልን።

እህትህ ትሩዳ
ቢቶም፣ በቅድስት ባርባራ ዋዜማ፣ ዲሴምበር 3 ቀን