የጅረቷን ዳር ያቆሙት የአቶ አንዷለም ጎሹ የሕይወት ታሪክ
(1950–2017 ዓ.ም.)

አቶ አንዷለም ጎሹ ከአባታቸው ከአቶ ጎሹ ዲሳሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ ይርዳው ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በመተከል፣ ወንበራ ደብረ ዘይት ተወለዱ። አባታቸው የተዳፋት መሬት ገበሬ ነበሩና ልጃቸው ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ድንጋይ ደርድሮ አፈር ማስቀረትን ተማሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በደብረ ዘይት፣ ሁለተኛ ደረጃን በዳንግላ አጠናቀቁ። የእርሻ ሥልጠና ወስደውም በ1978 ዓ.ም. ሰፋሪዎች መንደር በሚመሠርቱበት ወቅት በፓዌ የአፈር ጥበቃ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ከወሎ ከመጡ ቤተሰብ የተወለዱትን ወይዘሮ ሰሎሜ ሰራዊትን በ1981 ዓ.ም. እዚያው በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በ1988 ዓ.ም. በዝውውር አሶሳ ገቡና ከአንዲት ጅረት አጠገብ ቤት ሠሩ። ያኔ እናቶች ልጅ አዝለው ጅረቷን በአንድ እርምጃ ይሻገሯት ነበር።

አቶ አንዷለም ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ሲባል መስማት ያንገሸግሻቸው ነበር። ይህም መነሻ አለው። በ1999 ዓ.ም. አለቃቸው በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እርከን ተጠናቀቀ የሚል ሪፖርት አምጥተው ፈርም አሏቸው። ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ነበሩና ፈረሙ። በዚያ ቀን ቤት ገብተው እጃቸውን ደጋግመው ቢታጠቡም ራት ሳይቀምሱ እንደተኙ ወይዘሮ ሰሎሜ ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ ቢሮ መቀመጥ ስላስጠላቸው ችግኝ ጣቢያ መድቡኝ ብለው ጠየቁ፤ እስከ ጡረታቸውም እዚያው ቆዩ።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ጅረቷ ገደል ሆና ነበር። አዲሱ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ የሰበሰበውን ጎርፍ ሁሉ በአንድ ቦይ ይለቅባታል፤ የጭነት መኪኖች ከሥሯ አሸዋ ይዝቁባታል፤ ከላይ ደግሞ ነዋሪው ቆሻሻውን ይደፋባታል። እሳቸው ገመድና ችካል ይዘው ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። የጎርፉ ቦይ እንዲዞር፣ አሸዋ መዛቁ እንዲቆም፣ ጅረቷ በምትታጠፍባቸው ሦስት ጥምዝ ቦታዎች ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን እንዲደረደር፣ ከበላዩም ቀርከሃና ሥሩ አፈር የሚይዝ ቬቲቨር ሣር እንዲተከል የሚጠይቅ ዕቅድ በእጃቸው ጽፈው በ2011 ዓ.ም. ይዘው ወጡ።

አንዱ ቢሮ ጉዳዩ የከተማ ነው አላቸው፤ የከተማው ቢሮ ወንዝ ስለሆነ የውሃ ነው አላቸው፤ የውሃው ቢሮ ደግሞ ቤቶቹ ሲፈርሱ የአደጋ መከላከል ይሆናል አላቸው። ቤቶቹ ይፍረሱና ያን ጊዜ ይምጡ ማለት ነበር። በመጨረሻ ገንዘብ አለን የሚሉ ሰዎች ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ስብሰባ ጠሩ። ስለ ጅረቷ ሲወራ ውሎ ሲመሽ አንድም ሰው ሄዶ ሊያያት አልተነሣም። አቶ አንዷለም በሦስተኛው ቀን ምሳውን ትተው፣ የታደለውን ኮፍያ ወንበር ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ነሐሴ 2012 ዓ.ም.፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት ከሰዓት፣ የጎረቤታቸው የአቶ አብዱልረሂም ዐወድ ባለቤት ወይዘሮ ዐርዋ ከጓሮ የተሰጣ ልብስ ሲሰበስቡ ዳርቻው ከእግራቸው ሥር ተናደ። የሰፈሩ ሰው በአካፋና በእጁ ቆፍሮ ሲያወጣቸው ሕይወታቸው አልፎ ነበር። የተቀበሩትም በዕለቱ ነው።

በሳምንቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ባለሥልጣናት ካሜራ አስከትለው መጡ። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ የፕሮጀክት ሰሌዳ ተተከለ። ዕቅዱን ያዘጋጁት አባት ከሰሌዳው አጠገብ ይቁሙልን ሲሉ ለመኗቸው። አቶ አንዷለም የመለሱት በዚያ የነበሩ ሁሉ የሚያስታውሱትን ነው።

“ልጆቼ፣ ይህን ወረቀት ያመጣሁላችሁ ዐርዋ በሕይወት ሳሉ ነው። በሬሳቸው ላይ ቆሜ ፎቶ አልነሣም።”

ሰሌዳው ቆመ፤ ሥራው ግን አልመጣም። አቶ አንዷለምም ሰፈርተኛውን ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስበው፣ ከቢሮዎቹ ባላነሰ የተጸየፉት የሰፈሩን ሰው እንደሆነ በግልጽ ነገሩት። ቆሻሻ የደፋውንም፣ መኪና እያስገባ አሸዋ የሸጠውንም ወቀሱ። ያን ጊዜ አቶ አብዱልረሂም ከተቀመጡበት ተነሡ።

“አሸዋው እኔ ነው የሸጥኩ። ከቤቴ ጀርባ፣ እኔ ነው የሸጥኩ።”

አቶ አንዷለም ሄደው አጠገባቸው ቆሙና ከወይዘሮ ሰሎሜና ከቀድሞ አለቃቸው በቀር ማንም የማያውቀውን የዚያን የሐሰት ሪፖርት ነገር ለሕዝቡ ተናገሩ። ያ እርከን በትክክል ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የስንት ሰው ማሳ ይተርፍ እንደነበር እንኳ ለማጣራት ሄደው እንዳላዩ፣ ለማየት እንደፈሩ ሳይደብቁ ነገሯቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ዕድር አንድ ላይ ሽቦ ገዛ። ወጣቱ ድንጋይ ተሸከመ፤ የአቶ አብዱልረሂም እህት ወይዘሮ ኢንዓም ሴቶቹን አስተባብረው የቀርከሃ ችግኝ ከገጠር አስመጡ። ወደ ጅረቷ የሚወርደው የመኪና መንገድ በግንድ ተዘጋ። አቶ አንዷለም በየሐሙሱ ከሰዓት እየወጡ፣ ልል የተሠራውን አስፈርሰው እንደገና ያሠሩ ነበር። ደርዳሪዎቹ ሲያማርሩባቸው እየሰሙ እንዳልሰሙ ያልፏቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ ጥምዞች ተጠናቀቁ፤ ሦስት ክረምት አልፎባቸውም አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ሰሌዳው የቆመበት ሦስተኛው ጥምዝ ግን በፕሮጀክት ተይዟል፣ አትንኩ ስለተባለ ዛሬም እየተናደ ነው።

አቶ አንዷለም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በአሶሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰሎሜ ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ የሕብረት፣ የጥሩሰውና የይገረም አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ሊሰጥ ሲል፣ የጅረቷ ሥራ በመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ መከናወኑ አብሮ እንዲጠቀስ ከአንድ ቢሮ ወደ ቤተሰቡ ተደውሎ ነበር። ወይዘሮ ሰሎሜ ስልኩን ተቀብለው፣ ባለቤቴ በቁሙ ሁለተኛ አልፈርምም ያለውን ሞቶ አላስፈርመውም ብለው ዘጉት። ስለዚህ አልጠቀስነውም።

የደከሙበትን የሚያውቅ አምላክ የአቶ አንዷለምን ነፍስ በማይናድ ስፍራ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና ሊሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።